አክስቴ ወንድሟን የዳኘች ቀን

ልጅ ሳለሁ፣ ከቴፒ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ፣ ዝናቡ ከሜዳ ሲያባርረን የምንሰበሰበው አክስቴ አለሚቱ ምድጃ ዙሪያ ነበር። የእርጥብ እንጨት ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን ስለ ጦጣና ስለ ከርከሮ ትተርትልን ነበር። ያኔ አክስቴ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበረች፤ እኛ ልጆቹ ግን ይህን ከቁም ነገር አንቆጥረውም ነበር።

አንድ ምሽት ላይ ፍሙን ቆስቁሳ «የዛሬው የእውነት ነው» አለችና የአባቴን ስም ጠራች።

አባቴ ታላቅ ወንድሟ ነው። ታናሽ ወንድማቸው ከሞተ በኋላ፣ የሟች ሚስት አስቴር የያዘችው የቡና ማሳ ይገባኛል ብሎ ለቀበሌው አመልክቶ ነበር። እህቴ አታሳፍረኝም ብሎም ተማምኗል። እሷ ግን የመሬት ኮሚቴውንና ሽማግሌዎቹን ይዛ ማሳው ድረስ ሄደች፤ አባቴና አስቴር ሁለቱም ስለ ማሳው የሚያውቁትን እንዲያሳዩ ጠየቀች። አባቴ ያሳየው ድንበሩን ብቻ ነበር። አስቴር ግን ከግንድ ግንድ እየተዘዋወረች፣ የትኛውን ከባሏ ጋር እንደተከለች፣ የትኛው አርጅቶ ዳግም እንዲያቆጠቁጥ እንደጎነደሉት፣ የትኛውን ችግኝ ነፍሰ ጡር ሆና ተሸክማ እንዳመጣች አንድ በአንድ ተናገረች። ኮሚቴው ማሳው የእሷ ነው አለ፤ የመሬት ይዞታ ደብተሩም በስሟ እንዲወጣ ተወሰነ። አክስቴም ወንድሟን ቅር ካለው ወረዳ ድረስ ይግባኝ ማለት እንደሚችል ነገረችው።

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ፊቴ ጋለ። አባቴን አትወጂውም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«እወደዋለሁ» አለች። «ስሚኝ ልጄ፣ ሰው ፊት የነገርኩት ስለማከብረው ነው። በጓዳ ጨርሼለት ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም እንዋረድ ነበር።»

አባቴ ለሳምንታት የአክስቴን ደጅ አልረገጠም። ቡናው ሲቀላ ግን አስቴር ለቀማው ብቻዋን ከበዳት፤ እሱም አንድ ቀን ጠዋት ቅርጫቱን አንስቶ ወደ ማሳዋ ሄደ። የዚያን ዕለት ማታ አባቴም ሳይቀር አክስቴ ቤት እራት በላን።

ዛሬ እኔም ሚዛን ተፈሪ አጠገብ ባለች ቀበሌ ሊቀመንበር ነኝ። የማውቀው ሰው ለብቻሽ ላናግርሽ ሲለኝ ወንበሬን ይዤ ወደ በረንዳው እወጣለሁ፤ ባለጉዳዩ ሁሉ እየሰማ እንነጋገራለን። የተቀየሙኝ አሉ። ሌላ ጉዳይ ሲገጥማቸው ግን የሚመጡት ወደ እኔው ነው።