መስቀሉ የሌለበት ካሴት

እትዬ ጌም ቤት የነበረው ካሴት የጃፓን ነበር። ጀርባው ላይ ጎራዴ የያዘ ልጅ ተስሏል፤ ከሥዕሉ ሥር የተጻፈውን ግን በከተማችን ፒያሳ ዙሪያ ማንበብ የሚችል ሰው አልነበረም። ቲቪው ላይ ሰዎቹ ሲነጋገሩ ከታች ጥቁር ሳጥን ይከፈትና ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ተራ በተራ ይወጣሉ። ያን ጊዜ የእኔ ሥራ ይጀምራል። ከተጫዋቹ አጠገብ፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጬ የሚሉትን በአማርኛ እናገራለሁ። የሚሉትን አላውቅም። እንደማላውቅ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም የሚተረጉምልን ሰውዬስ ህንድኛ ያውቅ ነበር እንዴ?

ሳጥኑን የሰጠኝ የእትዬ ልጅ ነው። ጌሙን ከአዲስ አበባ ያመጣው፣ የሟች አባቱን ቲቪ ከሳሎን ወደ መንገድ ዳሩ ክፍል ያወጣው፣ ቤቱን የከፈተው እሱ ነበር። እኔ ያኔ ትምህርቴን አቋርጬ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብኩ፣ ግጥም ቢጤ እየሞነጫጨርኩ የምዞር ጎረምሳ ነበርኩ። ቤታችን ውስጥ የሚሰማኝ አልነበረም። አንድ ቀን ከኋላ ቆሜ ስለፈልፍ ዞር ብሎ አየኝና፣ «አንተ፣ አፍህ እንደሆን አይዘጋም፤ ና እዚህ ተቀመጥና ተናገር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ የእኔ ሆነ። በሕይወቴ ሰው ጸጥ ብሎ የሰማኝ የመጀመሪያው ቦታ ያ ነው።

ልጁ ሲዘምት ቤቱን እናቱ ያዙት። እትዬ ስለ ጌም አንዳች ነገር አያውቁም። በሩ ላይ በርጩማ አድርገው ሳንቲም ይቀበላሉ፣ ተራ ያስጠብቃሉ፣ የተሳደበ ያስወጣሉ። ዓይናቸው ግን መንገዱ ላይ ነው። ወታደር የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር ከመቀመጫቸው ይነሳሉ።

ታሪኩ የአንድ ጎራዴ ያዥና የአንዲት ፋኖስ ተሸካሚ ልጅ ነው። እሷ ከፊት ከፊት እየሄደች መንገድ ታበራለታለች። ሦስት መንደር አልፈው ወደ ተራራው ሲጠጉ ለእሱ የተወረወረ ቀስት እሷን ያገኛታል። ቀጥሎ የሚመጣው ሥዕል ኮረብታ ነው፤ በኮረብታው ላይ አዲስ አፈር፣ በአፈሩ ላይ መስቀል። እዚያ ቦታ ላይ እኔ ሙሾ አወርዳለሁ። በየጊዜው እጨምርበታለሁ፤ ሁልጊዜ የማልነካው ግን ይህን ነበር፦

መንገዱን የሚያሳይ ፋኖሱ ነደደ፣
ያበራው እጇ ግን ካፈር ተዋሀደ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለዚህ ብለው የሚመጡ ነበሩ። ጫማ ጠራጊዎች፣ ከገበያ የተመለሱ ኩሊዎች፣ አንዳንዴም በመስኮቱ አንገታቸውን የሚያስገቡ ሴቶች። እትዬ በዚያ ሰዓት ጀርባቸውን ሰጥተውን ይቀመጣሉ። የሚሰሙ አይመስለኝም ነበር።

ጦርነቱ ቆመ ተባለ። የተመለሱት ተመለሱ። ከዚያም በየሰፈሩ ጎህ ሲቀድ ጩኸት ይሰማ ጀመር። በእኛ ዘንድ መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድ መሰብሰብ አለበት፤ ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ በር ያንኳኳሉ፤ የሚይዝና የሚደግፍ ሰው ይዘጋጃል። እስከዚያ ድረስ ሰፈር ሙሉ አውቆ ባለቤቱ ብቻ ሳያውቅ ይውላል፣ ያድራል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ጎረቤት ከወትሮው በላይ ሰላም ካለህ ትደነግጣለህ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር። ጆይስቲኩን የያዘው ከከተማው ውጭ፣ ከቡሹሎ የሚመጣ ጋሪ ነጂ ነው፤ ፈረሱን ደጅ አስሮ የሚጫወት፣ በሰፈሩ የሚያህለው የሌለ። ሦስተኛውን መንደር አልፏል። ኮረብታው ቀርቧል። እኔ ጉሮሮዬን እየጠራረግሁ ነው። በዚህ መሃል የመምህሩ ልጅ በመስኮት ብቅ አለ።

ይህ ልጅና እኔ አንዋደድም። አባቱ እንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው፤ የእድራችንም ዳኛ። ልጁ እኔን «ጃፓን» ይለኛል፣ እኔ «ፈረንጁ» እለዋለሁ። የዚሁ ጌም የእንግሊዝኛ ካሴት ከውጭ እንደተላከለት ወሬው ደርሶኛል። «እሱ ሲመጣ የዚህ ውሸታም ሳጥን የእኔ ነው» ማለቱም ደርሶኛል።

«ጃፓን፣ ና እስቲ።»

«ተራ ይዘህ ግባ፣ ፈረንጁ።»

«ና ስልህ!»

ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። በጓሮ በር ዞሬ ወጣሁ። ካሴቱን በሸሚዙ ሥር ይዞታል።

«ልጃቸው የለም» አለኝ። «ትናንት ለእድሩ ተነገረ።»

መጀመሪያ ያየሁት አፉን ነው፤ የሚስቅ እንደሆነ። አይስቅም። «እትዬ ያውቃሉ?» አልኩት፤ የሞኝ ጥያቄ።

«ወንድማቸው ከደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ናቸው። ነገ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገራቸው። አባባ ቤቱ እንዳይዘጋ፣ ማንም ነገር እንዳይለውጥ ብሏል። ግን አንተ አሁን...»

«እኔ ምን?»

«ልታለቅስ ነዋ! በራቸው ላይ መቃብር ከፍተህ ሙሾ ልታወርድባቸው ነው።»

ካሴቱን አወጣ። በእንግሊዝኛው ልጅቷ አትሞትም አለኝ። ሩቅ አገር ሄደች ነው የሚለው። ኮረብታው አለ፣ መስቀሉ የለም። እሱ ራሱ ተጫውቶ ኮረብታው ሥር ሲደርስ ካሴቱ ላይ ያስቀመጠው ጨዋታ አለ፤ ከዚያ መቀጠል ይቻላል።

አላመንኩትም። ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም ማለቴ ነው። ሳጥኔን ለመውሰድ ከዚህ የተሻለ ቀን አያገኝም። ግን ሰው እንዲህ ባለ ነገር ይቀልዳል? በመስኮቱ ወደ ውስጥ ሲያይ ዓይኑን ተከተልኩ። ሳጥኑን አያይም። በሩ ላይ የእትዬን ነጠላ፣ ጀርባቸውን ነው የሚያየው። ያን ጊዜ አመንኩት።

ገብተን ካሴት እንቀይራለን ስል ክፍሉ ተንጫጫ።

«ምን ሆነሃል? መቃብሩ ደርሶ!»

«ስንት ቀን ነው የታገልኩት!» አለ ጋሪ ነጂው፣ ጆይስቲኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ። «ፈረሴን ፀሐይ ላይ አቁሜ!»

መብራት እንዲጠፋ ተመኘሁ። በየቀኑ የሚጠፋው መብራት ያን ቀን ንቅንቅ አላለም።

«ምንድን ነው ጫጫታው?» አሉ እትዬ ከበሩ።

«አዲስ ካሴት መጥቶ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«ታዲያ አዲስ ነገር ይጠላል እንዴ? አስገቡት።»

ገባ። ጋሪ ነጂው በጃፓኑ የደረሰበትን አስቀምጦ ነበር፤ በአዲሱ ለመለማመድ ብሎ ወደ ሦስተኛው መንደር ተመለሰ፤ እኔም በልቤ ይዘግይ፣ እዚያው ይምሽበት አልኩ። ጠጅ ቤቱ ውስጥ ፊታቸው የቀላ ሰዎች ያው ይንገዳገዳሉ፤ የመምህሩ ልጅ ግን እንዲህ ብሎ አነበበ፦ «ለስላሳ አበዛሁ።»

ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። «በለስላሳ ነው እንዲህ የሚወላገደው? የት ነው የሚሸጠው?» «ካፌ ይላል እኮ፣ ጠጅ ቤት አይልም!» «ወይ ፈረንጅ!» እኔም በሌላ ቀን ቢሆን እንደ ድል እቆጥረው ነበር። ያን ቀን ግን ጆሮዬ በሩ ላይ ነበር። እትዬም ፈገግ ብለዋል፤ ለምን እንደሚሳቅ ሳያውቁ።

ቀስቱ መጣ። ልጅቷ ወደቀች። ኮረብታው ብቅ አለ፤ ባዶ። አፈሩ በሣር ተሸፍኗል።

«መስቀሉ የታለ?» አለ አንዱ።

«የነቀላችሁት እናንተ ጴንጤዎች ናችሁ» አለ ጫማ ጠራጊው፣ ጋሪ ነጂውን በክርኑ እየጎሸመ።

«እኔ ሰውና ጤፍ ነው የምጭነው፤ መስቀል አልጭንም!»

ጥቁሩ ሳጥን ተከፈተ። ፊደሎቹ ወጡ። የመምህሩ ልጅ ሊያነብ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። እስከዚያ ድረስ ደፋር መስሎኝ ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«በል እንጂ! ፋኖሱ ነደደ በል!»

ስንኙ ምላሴ ላይ ነበር። ሰው እንደ ለመደው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ያ ዝምታ ያለኝ ሀብት ሁሉ ነበር።

«አልሞተችም» አልኩ። «ሩቅ ሄዳለች። ሩቅ አገር።»

አንዱ አፏጨ። «አፍህን ፈረንጁ ገዛው እንዴ?» «ዓይናችን እያየ በቀስት ተወግታ!» ጋሪ ነጂው ጆይስቲኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠና፣ «ይሄ ውሸት ነው፤ ባለፈው ራስህ ቀብረሃታል» አለኝ። ከኋላ ሙሾውን ለመጀመር የሞከረም ነበር፤ «መንገዱን የሚያሳይ...» እያለ። የመምህሩ ልጅ እጁን ትከሻው ላይ ጭኖ አስቀመጠው።

እትዬ ተነሱ። ወደ ውስጥ ሁለት እርምጃ ገብተው ባዶውን ኮረብታ አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ተዉት ልጁን» አሉ። «ምን በደለ? ሰው በጠፋ ቁጥር ይሞታል እንዴ? ሩቅ ይሄዳል፣ ይዘገያል፣ ይመጣል። ይሄኛው ካሴት ጥሩ ነው።» ወደ እኔ ዞሩና፣ «ነገም ይሄንኑ አስገቡ» አሉኝ።

«እሺ፣ እትዬ።»

ከሳጥኑ ተነስቼ ወጣሁ። የመምህሩ ልጅ ተከተለኝ። በሐይቁ መንገድ እስከ መጨረሻው አብረን ሄድን። ማምሻውን አንድ የደከማቸው ሽማግሌ ትንሽ ሻንጣ ይዘው የመምህሩን ቤት ሲጠይቁ ያሳየናቸው እኛው ነን።

ጎህ ሲቀድ ነቅቼ ነበር። እናቴም ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በሩ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች። መጀመሪያ የብረት በር ሲንኳኳ ተሰማ። ቀጥሎ የእትዬ ድምፅ፣ ገና ሰላምታ እየሰጠ። ቀጥሎ የሰማሁትን እዚህ አልጽፍም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ስለዚያ ጌም የጻፉ ሰዎች አገኘሁ። ሁለቱን ካሴቶች ጎን ለጎን አድርገው ያስተያያሉ። ጃፓኖቹ የሠሩት ጨዋታ መጠጥ ቤትም፣ ሞትም፣ መስቀልም ነበረው። ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱት ልጆች ይጫወቱታል ብለው መጠጡን ለስላሳ አደረጉት፣ መስቀሉን ፋቁት፣ ሟቿን ሩቅ አገር ላኳት። ጸሐፊዎቹ ተናደውበታል፤ ማጭበርበር ነው ይላሉ። እኔ ልናደድ አልቻልኩም። የሆነ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ አንድ ተርጓሚ ይታየኛል፤ የሚያውቀውን ይዞ፣ በር ላይ ያለው ሰው እንዳይሰማ የሚጨነቅ። እሱን አትናገር ያለው እድር ግን ማን እንደነበረ አላውቅም።

እትዬ ቤቱን የከፈቱት ከአርባው በኋላ ነው። ጥቁር ለብሰዋል፤ ፀጉራቸው አጥሯል። በርጩማቸውን በሩ ላይ አላደረጉም፤ ወደ ውስጥ አስገብተው ከቲቪው ፊት አስቀመጡት። ከእንግዲህ መንገዱን ማየት አያስፈልጋቸውም። ሰው እየፈራ ገባ። ጋሪ ነጂው እንኳ ፈረሱን ራቅ አድርጎ አስሯል። የመምህሩ ልጅ የእንግሊዝኛውን ካሴት ይዞ መጥቶ ነበር።

«እሱን አስቀምጠው፣ የኔ ልጅ» አሉት። «የጃፓኑን።»

ጋሪ ነጂው ያስቀመጠው ጨዋታ እዚያው ካሴቱ ውስጥ ነበር፤ ኮረብታው ሥር። ጥቂት ሄደ። ቀስቱ መጣ። ኮረብታው፣ አፈሩ፣ መስቀሉ። ጥቁሩ ሳጥን ተከፈተና ፊደሎቹ ወጥተው ቆሙ። እኔ ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ነበር። እትዬ ሳይዞሩ የለስላሳ ሳጥኑን በእግራቸው ወደ አጠገባቸው ሳቡት።

ሄጄ ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ የተጻፈውን አላውቀውም» አልኳቸው፤ እንደዚያ ብዬ አላውቅም።

«ማን አንብብ አለህ? ተናገር ነው ያልኩህ።»

ጋሪ ነጂው አውራ ጣቱን ከጆይስቲኩ አነሳ። የመጀመሪያውን ስንኝ ጀመርኩ፤ መሃሉ ላይ ድምፄ ተሰበረ። ሁለተኛውን እትዬ ቀድመውኝ፣ አንዲት ቃል ሳይስቱ፣ እስከ መጨረሻው ወሰዱት። ጀርባቸውን ሰጥተው በተቀመጡባቸው ቅዳሜዎች ሁሉ ይሰሙኝ ኖሯል።