የሩቅ መንገደኛ ይቅደም

በእኛ አገር ወፍጮ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ ከሩቅ የመጣ ቀድሞ ይፈጫል። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም ማኅተም አልመታበትም። የቅርቡ ሰው ቢመሽበት ቤቱ እዚያው ነው፤ የሩቁ ግን ወንዝ አለበት፣ ጅብ አለበት። ይህን ሕግ ሲጥስ ካየሁት ሰው ሁሉ ጋር ተጣልቻለሁ። የይጁቤ ባለወፍጮ ሞተሩ ከሚሰበርበት ይልቅ እኔ የምመጣበትን ቀን ይፈራ ነበር።

ይህንኑ ሕግ ደብረ ማርቆስ ቤተ መጻሕፍት ድረስ ይዤው ሄድኩ። የልጄ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ መጥቶ ሁሉም ትምህርት ነጥብ ሲኖረው ሒሳቡ ባዶ ነበር። ዜሮ ቢሆን እንኳ ዜሮ ነው እንላለን፤ ባዶ። በሒሳብ ከክፍሏ የሚቀድማት አልነበረም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሷም መልስ ወረቀቱ ላይ ኮዷን ስታጠቁር ተሳስታ ይሆናል። ቅሬታ የሚቀበሉት በኢንተርኔት ብቻ ነው፣ የመጨረሻው ቀንም ነገ ነው ተባልን። ያለ ሒሳቡ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር የለም።

በማግስቱ ከይጁቤ ተነሣን። መኪናው መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ደብረ ማርቆስ ስንደርስ አሥር ሰዓት ሆነ። ኢንተርኔት ቤቶቹ ሁሉ «ኔትወርክ የለም» አሉን። አንዲት ሴት ግን ቤተ መጻሕፍቱ በሽቦ የሚመጣ መስመር እንዳለው፣ መታወቂያ ላስያዘ መንገደኛም እንደሚፈቅድ ነገረችን።

ገባን። ሦስት ኮምፒውተር አለ፤ ሁለቱ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍነዋል፣ አይሠሩም። በሦስተኛው አንድ ልጅ ተቀምጧል፣ አግዳሚው ላይ ደግሞ ስድስት ሰባት ተማሪ ተራ ይጠብቃል።

«ልጆች፣» አልኩ፣ «እኛ ከይጁቤ ነው የመጣነው። በእኛ አገር ወፍጮ ቤት የሩቅ መንገደኛ ይቀድማል።»

«እማማ፣ እዚህ ጤፍ አይፈጭም እኮ» አለ አንድ ጸጉረ ጨብራራ።

«የሚፈጨውንማ እያየሁት ነው። ጓደኛህ ከገባሁ ጀምሮ ፎቶ ያገላብጣል።»

ሳቁ። አንድ በአንድ ከየት እንደመጡ ጠየቅኋቸው። ሁሉም የከተማ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ብቻ «ከአምበር» አለ።

«አምበር ቅርብ ነው፣ ተቀመጥ» አልኩት። ተቀመጠ።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ከመነጽሩ በላይ አየን። «በተራው እናንተው ተስማሙ። እኔ የማውቀው ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ነው፤ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን እዘጋለሁ» አለ። ተስማሙ፤ እኛ ቀጣይ ሆንን። የልጅ ልጄ እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። እኔም አገር እንዴት እንደሚተዳደር ያሳየሁ መሰለኝ።

ፎቶ አገላባጩ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ጉዳይ ላይ ሲነሣ አንድ ጎልማሳ ገባ። ጋቢ ደርቧል፣ አኮፋዳ አንግቷል፤ የቅኔ ተማሪ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ጨብራራው ዓይኑ በራ።

«ጌታዬ፣ ከየት ነው የመጡት?»

«ከዲማ።»

አግዳሚው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዲማ ከይጁቤ ይርቃል፤ ይህን ለመካድ ሌላ አገር መፈጠር ነበረብኝ።

«ይቀመጥ» አልኩ።

«እምዬ!» አለች ልጅቱ። «እሱ ነገም ይደርሳል፤ የእኛ ዛሬ ያልቃል!»

«ለእኔ ሲሆን የሚሠራ፣ ለሰው ሲሆን የሚቀር ሕግ የለም።»

«እሺ፣ ጉዳያችንን ንገሪውና ይልቀቅልን።»

ሰውን በመብቱ ላይ መለመን አልወድም። አልነገርኩትም።

የዲማው ሰው ተቀመጠና ሠራተኛውን «ምድርን ከሰማይ ሆኖ ያሳያል ብለውኛል፤ እስቲ ዲማን አሳየኝ» አለው። ከዲማ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ዲማን ሊያይ! ልጅቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሥዕሉ ቁራጭ በቁራጭ እየተገጣጠመ መጣ፤ መጀመሪያ ገደሉ፣ ከዚያ ዛፎቹ፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ። ሰውየው በጣቱ ሳይነካው እያመለከተ «ይኸው፣ እዚህ ጥላ ሥር ነው ቅኔ የምንቆጥረው» አለ። ከዚያ «ተመስገን» ብሎ ተነሣ። ከግማሽ ሰዓቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ተርፎት ነበር።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

«ቆይ እስቲ፣» አልኩት፣ «ይጁቤንም ያሳያል?»

«የተረፈኝ ሰዓት ለእርስዎ ይሁን» አለኝ።

አሳየ። የገበያው ሜዳ መጣ፣ የወንዙ ጥምዝ መጣ፣ በመጨረሻም ያ የእኔ ቆርቆሮ መጣ። አጠገቡ የጎረቤቴ ባሕር ዛፍ ወሰኔን አልፎ ወደ እኔ ገብቷል።

«አላልኩም!» ብዬ ጮህኩ። «ስንት ዓመት ሙሉ ስናገር! ከሰማይ እንኳ ይታያል!»

«እምዬ፣ ሰዓቱ!»

«የእሱ ሰዓት ነው፣ እሱ ነው የሰጠኝ። የማንንም አልበላሁም» አልኳት። ባሕር ዛፉን አስጠግቼ ሳስቆጥር ሩቡ ሰዓት አለቀ።

ልጅቱ ስትቀመጥ አሥራ አንድ ከሩብ ነበር። ቅጹን ሞልታ ስትልከው አንድ ሣጥን ቀርቷል ብሎ መለሰው፤ ያን ስትሞላ የጻፈችው ሁሉ ጠፋ። እንደገና ጀመረች። ግማሽ ላይ ሳለች ሠራተኛው ቁልፉን አንኳኳ።

«አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ወንድሜ» አልኩት።

«እማማ፣ እርስዎ ራስዎ ለእኔ ሲሆን የሚሠራ፣ ለሰው ሲሆን የሚቀር ሕግ የለም ብለዋል። ሰምቻለሁ።»

ልጅቱን በክንዷ ይዤ ከወንበሩ አስነሣኋት። የገዛ ቃሌ እንደዚያ እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር።

የእህቴ ልጅ ቤት አደርን። ልጅቱ እራት አልቀመሰችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ሳይከፈት ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ደረስን፤ ለምን እንደሄድን ሁለታችንም አናውቅም፤ ይጁቤ ባዶ እጃችንን መመለሱን ትንሽ ለማቆየት ይመስለኛል። እሷ ተቀመጠች፣ ገጹን ከፈተች።

«እምዬ… ይቀበላል።»

አዲስ አበባ ያለው ማሽን ቀኑ ማለፉን ገና አልሰማም ነበር።

«እንዴት ተደርጎ? ቀኑ ትናንት አልቋል ተብሎ የለም ወይ? ታዲያ በቀኑ አምኖ የቀረው ሰውስ…»

«በሞቴ ዝም በይ!» አለችና አፌን በመዳፏ ያዘችው። በሌላ እጇ ትጽፋለች።

ዝም አልኩ። በሕይወቴ ሕግ ሲዛነፍ እያየሁ ዝም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ የተዛነፈው ለእኔ ነው። ገጹ ላይ አንድ አረንጓዴ ነገር በራ። «ተልኳል» አለችና መዳፏን አነሣች።

ቀና አልኩና በዚያ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ በገበያ ድምፅ ተናገርኩ፦ «ቀኑ አላለፈም! የውጤት ቅሬታ ያለው ይምጣ፣ አሁንም ይቀበላል!»

«እማማ! እዚህ አይጮህም!» አለ ሠራተኛው፣ ከእኔ ባላነሰ ጩኸት።

ከመስኮቱ ሥር አንዲት ልጅ መጽሐፏን ከድና ተነሣች። የልጅ ልጄ ወንበሩን ለቀቀችላት፤ ከየት እንደመጣች አልጠየቅኋትም።

የእኛ ነጥብ ከሳምንታት በኋላ ተሞልቶ መጣ። የዚያችኛዋን አልሰማሁም።