ሁሉንም የእጅ ጽሑፍ አውቀው ነበር

ወንድሜ ሀሺሽ ይሸጥ ነበር። ጂንካ መናኸሪያ ጀርባ፣ በጠራራ ፀሐይ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ አንድ ቤት ነው የምንኖረው።

ለሰፈራችን የተመደበው የማኅበረሰብ ፖሊስ ትሑት ወጣት ነበር። ቀበሌ አዳራሽ ሰበሰበንና፣ ሀሺሽ የሚሸጠውን ሰው በወረቀት ጽፋችሁ ሳጥን ውስጥ ክተቱ፣ የራሳችሁን ስም አትጻፉ፣ ማንም አያውቅባችሁም አለ። መምህርት ነኝና ወረቀቶቹን እንዳነብ እኔኑ መረጠኝ። የዋህ! የሰፈሩን ግማሽ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ መሆኔን ማን ይንገረው? የእያንዳንዱን ጽሑፍ አይቼ ባለቤቱን አውቃለሁ፤ እነሱም እንደማውቅ ያውቃሉ።

እኔ የጻፍኩት ገበያ ትምባሆ የምትሸጠውን የሰፈራችንን የአሪ ብሔረሰብ ሴት ነው። የትምባሆ ቅጠል እንጂ ሌላ ነገር ኖሯት አያውቅም። አንዲት ወረቀት ምን ታደርጋታለች ብዬ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው።

ሳጥኑ ተከፈተ። የመጀመሪያው ወረቀት፣ ትምባሆ ሻጯ። የእድራችን ዳኛ ጽሑፍ ነው። ሁለተኛውም እሷ፤ የጎረቤቴ። ሁሉም! እኔን ፈርተው፣ እኔን አፍረው እሷን ጻፏት። አንድም ጊዜ ሳልደናቀፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ፖሊሱ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ተናገረ ብሎ አመሰገነን።

ቤቷ ተፈተሸ፤ ከትምባሆ በቀር የተገኘ የለም። እድሩ ግን ሰረዛት፤ ገበያም አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ታሞ የከረመው ባሏ ሞተና ጠዋት በሬን አንኳኳች። አላለቀሰችም።

«እትዬ፣ ባሌ ሞተ። የሚሸከም አራት ሰው ብቻ ስጪኝ።»

ወንድሜ ተነሥቶ ጫማውን ማሰር ጀመረ። በሩን ፊቷ ላይ ዘግቼ ቆለፍኩት።

«አንተ ሄደህ ከተሸከምክ፣ እኔ ያነበብኩት ሁሉ ውሸት ነው ማለት ነው» አልኩት።

ቁልፉ ሲዞር ሰምታለች፤ የተናገርኩትንም ሳትሰማ አትቀርም፤ እዚያው ቆማ ነበር።

ባሏን በአህያ ጋሪ ወሰደችው። ጋሪው በደጃችን ሲያልፍ ወንድሜ በመስኮት ያያል፤ ቁልፉ እጄ ውስጥ ነው። ዛሬ አፍራለሁ። ያን ቀን ግን የጨነቀኝ ጎረቤት እንዳያየን ብቻ ነበር።

በሩን ስከፍትለት ልብሱን ይዞ ወጣ። ዛሬም መናኸሪያው ጀርባ ይሸጣል፤ የእኔን እህል ግን ከዚያ ወዲህ አልቀመሰም።