ማርቆስና ድምፁን ያጠፋሁት ስልክ

ጠዋት ደውለው "ማርቆስ አረፈ" ሲሉኝ "ሌላ ማርቆስ ይሆናል" አልኩ። እሁድ እኮ ቸርች በር ላይ ሰላም ብሎኛል! አሁንም እጄ ይጽፋል እንጂ እኔ አላመንኩም።

ለማታውቁት፣ ማርቆስ እኔ ካርድ ክፍል የምሠራበት ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። የበሽተኛውን መዝገብ ከወረቀት ያላቀቀን እሱ ነው። ዋናው መዝገብ ደቡብ አፍሪካ ባለ ማሽን ላይ ይቀመጣል፤ እኛ አንድ ነገር በጻፍን ቁጥር ግልባጩ ወዲያው አየርላንድ ይደርሳል። አንዱ ቢወድቅ በሌላው ሥራ እንዲቀጥል።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ! "የሁምቦ ገበሬ ካርድ ያለ ፓስፖርት አየርላንድ ምን ሊሠራ ሄደ?" ብዬ ክፍሉን በሳቅ ገደልኩት። እሱም እየሳቀ፣ "አስቱ፣ አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር እንደሌለ ቁጠሪው" አለኝ። የዘወትር ቃሉ ነበረች።

ግልባጩ መድረስ ሲያቆም የሚጮህ አሮጌ ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። "ከጮኸ ደውይልኝ፣ ሌላ ሥራ አልሰጥሽም።"

አንድ ጠዋት ሥራ ከመጀመራችን በፊት እንደ ልማዳችን ቆመን ስንጸልይ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ አፈርኩ። ድምፁን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አሜን ስንል በሽተኛ ተሰልፎ ጠበቀኝ። ረሳሁት። በቃ፣ ረሳሁት።

በዘጠነኛው ቀን ዋናው ማሽን ወደቀ፣ አልተነሳም። አየርላንድ ያለው ሲከፈት የዘጠኝ ቀን መዝገብ የለም። ከሃላሌ ድረስ መጥተው የተመረመሩ እናት "እንደገና ደም ይስጡ" ተባሉ።

ኃላፊያችን ማርቆስን ሁላችን ፊት "ሥራህን አታውቅም!" አሉት። እሱ ስልኩን ሲፈልግ መሳቢያዬ ውስጥ አገኘው። ድምፁ ጠፍቷል። ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አስቀመጠው። ኮንትራቱ ሲያልቅ አላደሱለትም።

በኋላ ገበያ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ "አስቱ፣ ስልኩ አሁን ይጮሃል?" አለኝ እየሳቀ። ያ ሁሉ ወሬዬ የት እንደገባ እንጃ፣ "የቱ ስልክ?" አልኩት።

እሁድ ልነግረው አስቤ ነበር። ሰው በዛብኝ፤ ሰላም ብዬው አለፍኩ።

ኃላፊዬ እዚህ ፌስቡክ ላይ አሉ፣ ያንብቡት። ለባለቤቱ ግን ዛሬ ልቅሶ ቤት ሄጄ በራሴ አፍ እነግራታለሁ። ጥፋቱ የማርቆስ አልነበረም። የእኔ ነው።

ታ እሻው፣ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። "አይ አስቱ!" ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ፤ የሚብስብኝም እሱ ነው። በሰው ፊት የተቀበልክልኝን ስድብ ዛሬ በሰው ፊት ወስጄልሃለሁ። አሁን ቀሎህ ሂድ፣ ማርቄ።