የእትዬ ኮምፒውተር የጸዳ ዕለት

ሰው ልጁን ሲያሞግስ ያስቃል ይሉኛል። ይሳቁ! ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ የሌላ ሰው ልጅ ሲመሰገን ስሰማ ነው የኖርኩት። ከኋላዬ የተቀመጠው ሁሉ ልጄ እንዲህ ሆነ፣ ልጄ እንዲያ አደረገች ሲል እኔ መሪዬን ይዤ ዝም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ተራው የኔ ነው።

ልጄ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። የሰፈሩ ሰው «ብሎን» ይላታል፤ ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ገና ከምትድህበት ጊዜ ጀምሮ የሬዲዮኑን ጀርባ፣ የበሩን እጀታ፣ አንድ ቀን ደግሞ እኔ የምቀመጥበትን ወንበር ፈታ ጉድ ሠርታኛለች። የምትሠራው ከፎቅ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ ግድግዳው ላይ ሽቦ በየዓይነቱ ተሰቅሏል፣ በሩ አጠገብ አንድ አሮጌ ወንበር አለ፤ እሱ የኔ ነው። ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጬ አያታለሁ። እዚያ ምን ትሠራለህ የሚሉኝ አሉ። ልጄን አያለሁ፣ ሥራ አይደለም እንዴ?

ታዲያ ይህች ልጅ ደንበኛን አንጀት የሚያሳርር አመል አላት። አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ ያለውን በሙሉ ደምስሺልኝና አዲስ ሲስተም ጫኚልኝ። ሌላ ቤት ቢሄድ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ተደምስሶ ይሰጠዋል። እሷ ግን መጀመሪያ ክዳኑን ትፈታለች። አቧራውን በንፋስ ታስወጣለች፣ ማራገቢያውን በብሩሽ ትጠርጋለች፣ ሃርድ ዲስኩ ጤነኛ መሆኑን ትመረምራለች፣ የባለቤቱን ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ትገለብጣለች። እስከዚህ ደህና። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ባለቤቱን ከጎኗ ታስቀምጥና በየቀኑ የምትሠራውን ሥራ እዚሁ ሠርተህ አሳየኝ ትለዋለች። ምን ምን ፋይል አለህ ብላ አትጠይቅም። ሰው ያለውን ሲጠይቁት ግማሹን ይረሳል፣ ሲሠራ ግን እጁ ራሱ ይሄድበታል ባይ ናት። ያላየችውን ሥራ አትደመስስም፣ አለቀ። ስንቱ ተበሳጭቶ ኮምፒውተሩን አንጠልጥሎ ወጥቶባታል። እሷ እቴ!

ወደ እህቴ ልምጣ። ታላቄ ናት፣ እትዬ ነው የምላት። የጥልፍ ባለሙያ ናት፣ ያውም እጇ የተመሰከረለት። ማሽኗ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ነው፤ እሷ ንድፉን ስክሪኑ ላይ ትስላለች፣ ማሽኑ ጨርቁ ላይ ይጠልፈዋል። የሆቴሉ አንሶላ፣ የተማሪው አርማ፣ የሙሽራዋ ቀሚስ፣ ሁሉም በእሷ እጅ አልፏል።

ያን ሰሞን ግን እትዬ ከስታ፣ ጠቁራ፣ ሌላ ሰው መስላ ነበር። ሠርቼዋለሁ የምትለውን ንድፍ ስትፈልገው የለም። አንዴ ቢሆን ምን አለ፤ በተደጋጋሚ ሆነባት። ሠራተኞቿን ስትጠይቅ እኛ አላየንም ይሏታል። በተለይ አንድ የአንገት ሐረግ ነበር፣ ቅጠሉ እርስ በርሱ የተጠላለፈ፣ ዓይኔን ያፈሰስኩበት ነው የምትለው። እሱም የለም። እናታችን በስተርጅናዋ ልጆቿን መለየት አቅቷት ነው ያረፈችው። እትዬ ያንን ነው የፈራችው። አንድ ቀን ቤቴ መጥታ በሩን ዘጋችና፣ ጭንቅላቴ እየከዳኝ ነው፣ ሰው ፊት ሳልዋረድ ሱቁን ልዘጋው ነው አለችኝ። ማሽኑን ከነኮምፒውተሩ የሚገዛ ሰው አግኝታለች። የቀራት ኮምፒውተሩን አስደምስሶ በአዲስ ሲስተም ማስረከብ ብቻ ነው። ምን ልበላት? አይዞሽ፣ በርቺ የሚባልበት ነገር አይደለም። ለማንም እንዳትነግር አለችኝ፣ እሺ አልኩ።

እኔው ተሸክሜ ወደ ብሎን ወሰድኩላት። እትዬ ለልጄ የነገረቻት፣ ሰው ሊገዛው ስለሆነ ድምጥማጡን አጥፊልኝ የሚለውን ብቻ ነው። ልጄ እንደ አመሏ ፈታች፣ አጸዳች፣ ገለበጠች። ከዚያ ወንበር ሳበችና አክስቴ ነይ፣ አንድ ነገር ሠርተሽ አሳዪኝ አለቻት። እትዬ ምንም የምሠራው የለኝም ብላ ፊቷን አዞረች። እኔም ፊቷን አይቼ፣ አክስትሽ አጥፊው ካለች አጥፊው እንጂ ምን ታደርቂናለሽ ብዬ ጮህኩባት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። የወለድኳት ልጅ! ወንበሩን በእጇ መታ መታ አድርጋ አክስቷን ጠበቀች።

እትዬ ለመገላገል ያህል ተቀመጠችና አንዲት ትንሽ አበባ ሳለች። ቶሎ ነው የሳለቻት፣ እጇ የማንንም ምክር የሚፈልግ አይመስልም ነበር። ዴስክቶፑ ላይ አስቀመጠቻት። ቀጥላ አበባዋን በማውስ ያዝ አደረገችና እየጎተተች ወስዳ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ከተተቻት።

«አክስቴ፣ ምነው ጣልሽው?» አለቻት ልጄ።

«ማን ጣለው? አስቀመጥኩት እንጂ።»

ልብስ ሰፊ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ይህን አይረዳውም። እዚያ ቅርጫት የቆሻሻ አይደለም። ከጠረጴዛው ሥር ይቀመጣል፤ ደህና ደህናው ብጣሽ ጨርቅ እዚያ ይገባል፣ ለኪስ፣ ለአንገት፣ ለምናምን ይሆናል ተብሎ። መሬት ላይ የቀረውን ነው የሚጠርጉት። እትዬ ኮምፒውተር የጀመረች ዕለት ጥግ ላይ ያለችውን ቅርጫት አይታ፣ ይሄም ቅርጫት አለው ለካ ብላ ደስ አላት። ሰው ያዘዛትን ንድፍ ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣለች። ለራሷ ብላ፣ ደስ ብሏት የሳለችውን፣ ጨርቁ እስኪገኝ ቅርጫት ውስጥ ታቆየዋለች። ስትፈልገው ትከፍትና መልሳ ታወጣዋለች።

እኔን ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ልጄ አንድ ጊዜ ዞር ብላ ስታየኝ ዋጥ አደረግሁት። እሷ አልሳቀችም። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ማን ነው የሚያይልሽ ብላ በእርጋታ ጠየቀቻት። እትዬም እዚያው ሠፈሯ ያለ አንድ ጨዋ ልጅ እየመጣ ያይልኛል፣ ቆሻሻውን አወጣሁልሽ፣ አሁን ይፈጥናል ብሎኝ ይሄዳል አለች። ንድፎቹ የሚጠፉብሽ እሱ መጥቶ ከሄደ በኋላ ነው ወይ ስትላት እትዬ በጣቷ ቆጠረችና፣ እውነትሽን ነው አለች።

ልጄ ወዲያው ኮምፒውተሩን አጠፋችው። ከቅርጫቱ የተደፋ ፋይል በአንድ ጊዜ ከዲስኩ አይጠፋም፣ ቤቱ እዚያው ሆኖ የበሩ ቁጥር ብቻ ነው የሚነቀለው ብላ አስረዳችን። ሌላ ነገር ከተጻፈበት ግን አለቀለት። አዲሱ ሲስተም ቢጫንበት ኖሮ ደግሞ ይጻፍበት ነበር። እኔ ያኔ ነው የደነገጥኩት፤ አጥፊው ብዬ የጮህኩት እኔው አይደለሁ?

ዲስኩን ነቅላ ከራሷ ኮምፒውተር ጋር አያያዘችና የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ለቀቀችበት። ከሰዓቱን ሙሉ ሲፈልግ ዋለ። እትዬ ልሂድ ትላለች፣ አትነሳም። የተገኙት ፋይሎች ስማቸው ጠፍቶ ስለነበር ልጄ አንድ በአንድ ትከፍታቸው ጀመር። አንዳንዱ አይከፈትም፣ አንዳንዱ ግማሹ ብቻ ይወጣል። እንዲህ እንዲህ ስትል አንዱ ተከፈተ፤ የአንገት ሐረጉ ነው፣ ቅጠሉ እርስ በርሱ እንደተጠላለፈ፣ አንዲት ነገር ሳይጎድለው። እትዬ ስክሪኑን በጣቷ ነካችው።

ቀሪውን ቶሎ ልንገራችሁ። በማግስቱ የሚተርፈው ሁሉ ተርፎ፣ ተገልብጦ፣ ዲስኩ ተደመሰሰና አዲሱ ሲስተም ተጫነበት፤ ንድፎቹም ፎልደር ውስጥ ተመለሱበት። ልጄ ማሽኑ ካለበት ሱቅ ድረስ ሄዳ አያይዛ እስኪጠልፍ ድረስ አልተመለሰችም። ገዢው ሲመጣ እትዬ የሚሸጥ ማሽን የለኝም ብላ ሸኘችው። ይሄ ሁሉ ያኮራል፣ አልዋሽም። እኔን የገደለኝ ግን ሐረጉ የተገኘ ሰዓት የሆነው ነው።

እትዬ የፈራችውን ነገር ለልጄ የነገራት ሰው የለም። እኔ ትንፍሽ አላልኩም፣ እትዬም አልተናገረችም። ቁጭ ብላ አክስቷን አየቻት፣ አየቻትና ማውሱን ለቀቀች። ወንበሯን አዙራ ሁለት እጆቿን ያዘቻቸው።

«አክስቴ፣ አንቺ ምንም አልረሳሽም። ሠርተሽዋል። የት እንዳስቀመጥሽውም በደንብ ታውቂያለሽ። ያወጣው ሌላ ሰው ነው።»

«እስቲ ድገሚልኝ» አለቻት እትዬ።

ደገመችላት። እትዬ አሁንም ድገሚልኝ አለች፣ ልጄም ደገመችላት፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀስ ብላ፣ ሳትሰለች፣ አንዲት ቃል ሳትቀንስ። ከዚያ በላይ እዚያ መቀመጥ አልቻልኩም። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና እንባዬን ለቀቅሁት። ከፎቅ የሚወርድ ጎረቤት ደንግጦ ምን ሆንክ ቢለኝ፣ «ልጅ ወልጄ» አልኩት።