«እንዳትነኳት» የተባለችው መኪና

ይህ የገጠመኝ የቀለበት መንገዱ ሥራ የቃሊቲን አቧራ ሰማይ ባስነካበት ሰሞን ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ነገር ግን እንደዚያ ቀን አፍሬም፣ እንደዚያ ቀን ስቄም ስለማላውቅ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

አባቴ በባቡር ሲሠሩ ኖረው ያኔ ጡረታ ከወጡ ቆይተው ነበር። በወጣትነታቸው ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ጣሊያናዊ ባለ ጋራዥ ቀይ የስፖርት መኪና ሸጦላቸዋል። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው መኪና ናት። እኛ ቤት ግን ስድስት ልጆች ተወለድን። በኋላ ቤንዚን በኩፖን ሲሆን አባቴ ግቢያችን ጥግ አቆሟትና ዶሮዎች ወረሷት። እንቁላል ሲፈለግ የሚፈተሸው መኪናዋ ውስጥ ነበር።

ለመንገዱ ሲባል አጥራችንን ወደ ውስጥ ማስገባት ግድ ሆነብንና መኪናዋ መቆሚያ አጣች። አንድ ቆራሌ አይቷት «በኪሎ ልውሰዳት» ቢል አባቴ ከዘራቸውን ይዘው እስከ አስፋልቱ ሸኙት። አባቴ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ከሚሰጧት አብረዋት ቢቀበሩ ይመርጡ ነበር።

መላ ያመጣልን ሸምሱ ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ ነው፣ የማያውቀው ሰው የለም። የድሮ መኪና የሚሰበስቡ ኢንጂነር ይልማ የሚባሉ ሰው አውቃለሁ ብሎ በሱቁ ስልክ ደውሎ አገናኘኝ።

«እውነተኛ ከሆነች እዚህ አገር እህት የላትም» አሉኝ ኢንጂነሩ።

«እውነተኛ ማለት?»

«ሞተሯም፣ ሻንሲዋም፣ ሊብሬዋም አንድ ቃል የሚናገሩ ከሆነ ማለቴ ነው። ከሦስት መኪና አንድ እየገጣጠመ የሚያመጣልኝ ብዙ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ይነበባል?»

«በደንብ!» አልኩ። አይቼው አላውቅም።

«ጥሩ። እሁድ እመጣለሁ። እስከዚያ እባካችሁ ምንም እንዳትነኳት። እንዳለች ትቆየኝ።»

እኔ ይህን የወሰድኩት እንደ ጨዋ ሰው ንግግር ነው። እኛ ቤት እንግዳ «ምንም እንዳታዘጋጁ» ካለ የዚያን ዕለት ማጀት ውስጥ ሥራ የሚፈታ ሰው አይገኝም። ደግሞ ሥራዬም አለ። የአንድ ፋብሪካ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ የደበዘዘ ጽሑፍ ሳይ እጄን ይበላኛል፣ በብዕር ካላደመቅኩት አላርፍም።

ሰኞ ዶሮዎቹን አባርሬ አጠብኳት። ማክሰኞ በርና መስኮት የሚበይደው ጎረቤታችን ተካልኝ ዝገት የበላውን ሁሉ በስቱኮ ደፍኖ ቀይ ቀለም ረጫት። ከግቢያችን በር የተረፈ ቀለም ስለነበር መኪናዋና በሩ መንትያ መሰሉ። ሐሙስ የተተረተረውን የወንበር ቆዳ አስነቅዬ አበባ ያለበት የሶፋ ጨርቅ አለበስኳት። ዓርብ ኮፈኗን ከፍቼ ቁጥሩን ብፈልግ ዝገት ግማሹን ውጦታል። ተካልኝን ጠራሁት። ዝገቱን ከነቁጥሩ ሙልጭ አድርጎ ፋቀና፣ እኔ ከሊብሬው እያነበብኩለት አዲሱን ቁጥር አንድ በአንድ በመዶሻ መታው።

«መንገድ ማዶ ቆመህ ታነበዋለህ» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ዓይናቸው የደከመው አባቴም ዞር ዞር ብለው አዩና «ሙሽራ አስመሰልካት፣ ተባረክ» አሉኝ። ደረቴ ተነፋ።

እሁድ ኢንጂነር ይልማ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰው ናቸው። በቦርሳቸው የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መስተዋትና ማግኔት ይዘዋል። በሩን አልፈው ሦስት እርምጃ እንደሄዱ ቆሙ።

«መኪናዋ የታለች?»

«ይቺውና!»

ቦርሳቸውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። ነጭ ጓንት አጠለቁና ማግኔቱን በሯ ላይ አደረጉት። ወደቀ። ሌላ ቦታ አደረጉት። እዚያም ወደቀ። እኔ ማግኔቱ የተበላሸ መስሎኝ አዘንኩላቸው።

«ቀለሙ መቼ ነው የተቀባው?»

«ማክሰኞ። ደርቋል፣ አይዞዎት፣ ልብስዎን አይነካም።»

የሶፋውን ጨርቅ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ለቀቁት። ከዚያ ኮፈኗን ከፍተው ባትሪያቸውን ቁጥሩ ላይ አበሩ።

«ይህን ቁጥር ማነው የጻፈው?»

«ተካልኝ ነው» አልኩ በኩራት። «ዝጎ ስለነበር እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።»

ኢንጂነሩ ጓንታቸውን ጣት በጣት እያወለቁ «ወንድሜ» አሉኝ። «የሻንሲ ቁጥር ፍቆ በላዩ ሌላ የሚመታ ማን እንደሆነ ታውቃለህ? መኪና የሰረቀ ሰው ነው። በዚህ አንተም ሻጭ ሆነህ እኔም ገዢ ሆኜ ልንጠየቅ እንችላለን።»

አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ከንግግሩ ሁሉ የሰሙት «የሰረቀ» የሚለውን ብቻ ነው። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ማነው የሰረቀው? ያን ሁሉ ዓመት በባቡር ሥራ ላይ ስኖር አንድ ብሎን እንኳ ወደ ቤቴ ይዤ አልገባሁም!»

«እርስዎን ማለቴ አይደለም፣ አባቴ…» አሉ ኢንጂነሩ፤ አባቴ ግን አልጠበቁም። ገብተው በፌስታል የተጠቀለለውን ሊብሬ ይዘው ተመለሱ። ፌስታሉን ራሳቸው ፈትተው በሁለት እጃቸው ዘረጉላቸው። ያኔ ነው ምን እንደሠራሁ የገባኝ። ሰባ ዓመት በንጽሕና የኖሩ ሰው፣ እኔ በሳሙናና በቀለም ባመጣሁት ጣጣ፣ በገዛ ግቢያቸው ሌባ አለመሆናቸውን ሲያስረዱ አየሁ።

ኢንጂነሩ ሊብሬውን ተቀብለው ገጽ በገጽ አነበቡት።

«ይህ ደህና ነው» አሉ። «ግን የዚህች መኪና መሆኑን ማን ይናገር? እሷን ዝም አሰኝታችኋታል።» ትንሽ አሰቡና «ፋብሪካው ይህንኑ ቁጥር ሌላም ቦታ መትቶት ነበር። ብዙ ሰው አያውቀውም» አሉ።

«የት ጋ?» ብዬ ተንደረደርኩ።

«አንተ እንዳትጠጋ!» ብለው ጮኹ። «እባክህ እዚያ በሩ ጋ ቁምልኝ። እጅህንም ኪስህ ውስጥ ክተት።»

በገዛ ግቢዬ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። ኢንጂነሩ ኮታቸውን አውልቀው አበባማው ወንበር ላይ በጀርባቸው ተኙና ጭንቅላታቸውን ከመሪው ሥር አስገቡ። እግራቸው በበሩ በኩል ውጭ ቀረ። ወዲያው የዶሮ ጩኸትና የሰው ጩኸት አንድ ላይ ተሰማ። ሰኞ ካባረርኳቸው አንዷ ተመልሳ እዚያ ገብታ ኖሯል።

«አይዞህ ልጄ፣ አትናከስም!» አሉ አባቴ።

ዶሮዋ በኢንጂነሩ ሆድ ላይ ተረማምዳ ወጣች። ቀጥሎ ከውስጥ አንድ እጅ እንቁላል ይዞ ብቅ አለ፤ አባቴ ተቀበሉ። ሁለተኛ ወጣ፣ ተቀበሉ። ሦስተኛም ወጣ፤ ሦስቱንም ኮታቸው ኪስ ከተቱ።

«እዚህ አለ!» አሉ ኢንጂነሩ ከውስጥ። «የዶሮ ኩስ ሸፍኖት እንጂ ምንም አልሆነም። ሊብሬውን ይዘው ይከተሉኝ፣ አባቴ። አራት!»

«አራት» አሉ አባቴ ሊብሬውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው በጣታቸው እየተከተሉ።

«ዜሮ!»

«ዜሮ የለም!»

  አባቴ መስመር ስተው የሰሌዳ ቁጥሩን እያነበቡ እንደሆነ የጠረጠርኩት ቆይቶ ነው።

«አባዬ፣ ታችኛው መስመር ነው!» ብዬ ከበሩ ጋ ጮህኩ።

እንደገና ተጀመረ። አራት፣ አራት። ዜሮ፣ ዜሮ። ሸምሱም ግርግሩን ሰምቶ ሱቁን ትቶ መጥቶ ከጎኔ ቆሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። የመጨረሻው ቁጥር ሦስት ነበር። ሊብሬውም ሦስት አለ።

ኢንጂነር ይልማ ፀጉራቸው ላይ ላባ ይዘው ወጡ። ወደ ኮፈኑ ሄደው የተካልኝን ሥራ በባትሪ አዩና ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«ጓደኛህ ሦስቱን ስምንት ነው ያደረገው» አሉኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። «እውነተኛ ናት፣ አባቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አባቴ ኪሳቸው ውስጥ ያሉትን እንቁላሎች እየደባበሱ «እኔ መች አጣሁት» አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ኢንጂነሩ መኪናዋን ሊገዟት ተስማሙ፤ አንድ ነገር ግን ጠየቁ። ያደረግኩትን ሁሉ በእጄ ጽፌ፣ በምስክር ፊት ፈርሜ እንድሰጣቸው። መዝገብ ቤት በለመደው ውብ ጽሕፈቴ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው ግለሰብ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ እንዳትነኳት እየተባልኩ፣ የመኪናዋን ቁጥር ያስፋቅሁ፣ የበር ቀለም ያስቀባሁና የሶፋ ጨርቅ ያለበስኩ መሆኔን አረጋግጣለሁ።» ሸምሱ በምስክርነት ፈረመ። ተካልኝ ግን ቁጥሩ ቢሳሳትም አመታቱ ንጹሕ እንደሆነ ካልተጨመረ አልፈርምም ብሎ ተጨመረለት።

በሳምንቱ መኪናዋ የጭነት መኪና ላይ ስትወጣ አባቴ ገብተው መሪዋን ያዙና አልወርድም አሉ። ለምነን ስላልሆነልን እዚያው መሪዋን እንደያዙ ሄዱ። ሳሪስ አቦ ጋ መንገደኛው እየቆመ ያጨበጭብላቸው እንደነበር ሹፌሩ ነገረኝ። ማታ በታክሲ ሲመለሱ ፊታቸው በፀሐይ ተጠብሶ ነበር። ያን ያህል ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን በሥራዬ ወቅሰውኝ አያውቁም፤ እኔ ግን የዚያን ዕለት ሊብሬውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው እንዲያስረዱ ስላደረግኳቸው እስከ አሁን ራሴን ይቅር አላልኩም።

ከዓመታት በኋላ ኢንጂነር ይልማ ደወሉልኝ። የድሮ መኪና አዋቂ የሆነ አንድ የውጭ ሰው መኪናዋን ሊመረምር መጥቶ፣ ወረቀቶቿን ሁሉ ካገላበጠ በኋላ የእኔን ጽሑፍ ተርጉሙልኝ ብሎ እንባው እስኪወርድ ስቆ ነበር።

«ከሰነዶቹ ሁሉ አስቀድሞ ያመነው ያንተን ነው» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ውሸት በራሱ ላይ የሚጽፍ ሰው የለም አለ።»

ድሮ ይህን ታሪክ ሲያነሡብኝ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ እወጣ ነበር። አሁን ራሴ ነኝ የማወራው።