የኋላው በር ጭረት

ባለፈው ሳምንት ልጄ መኪናውን ሊያሠራ ወስዶኝ ውስጡ ተቀምጬ ስጠብቀው፣ አንድ ወጣት መጥቶ የዳሽቦርዱን ጭረት በሙቅ አየር ማለስለስ ጀመረ። የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ታውቀዋለህ፤ ጎማም አይደለም፣ ሰምም አይደለም፣ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። "እማማ፣ አሁን አዲስ ይሆናል" አለኝ። በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ልጄ ፀሐይ የመታኝ መስሎት ውሃ ገዝቶ መጣ። ያ ሽታ ምን እንደሚያስታውሰኝ ነግሬው አላውቅም።

በጃንሆይ ጊዜ አባቴ ከድሬዳዋ ሐረር ሰው የሚያመላልስበት ግራጫ ፔጆ ነበረው። ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንሳዊ የገዛው ነው። የሌሎቹ መኪኖች ውስጥ አቧራና የተጣለ የጫት ገረባ ሲሆን፣ የእሱ እንደ ሙሽራ ቤት የጸዳ ነበር። የበሮቹ የውስጥ ልባስ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። በሳሙና አጥቤ የምወለውለው እኔ ነበርኩ፣ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ። ነጋዴዎቹ የእሱን መኪና የሚመርጡት ለንጽሕናው ስለነበር አባቴ በዚያ ይኮራል። ጫማውን ሳያራግፍ የገባ ተሳፋሪ ካለ የደንገጎን ዳገት እስኪጨርሱ ድረስ አያናግረውም።

ታላቅ እህቴ ያገባችው ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ባለችው መልካ ጀብዱ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትቃረብ አብሬያት እንድሰነብት ተላክሁ። ባሏ ለንግድ በባቡር ጅቡቲ ሄዷል። እናቴም ልትመጣ ተነሥታ ሳለ ሐረር ዘመድ ሞተና ለቅሶ ሄደች። "ሁለት ቀን ነው፤ እስከዚያ አትወልድም" ብላን ነበር።

ምጡ ሌሊት ላይ ጀመራት። አዋላጇ ሴትዮ ብዙ ከታገለች በኋላ እጇን ከሆዷ ላይ አንሥታ "ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ውሰዷት" አለችኝ። ወደ ከተማ በሚያልፍ የጭነት መኪና ለአባቴ መልእክት ላክሁ። እሱ ሲደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። እህቴን በር ላይ ግድግዳ ተደግፋ አያት። ልብሷ ርሷል። "አንዴ ቆዩ" አለና የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከፍቶ ሸራ አወጣ። ወንበሩ ላይ አነጠፈው፤ ጫፎቹን አንድ በአንድ ከወንበሩ ሥር ወተፋቸው።

"አባ፣ ቶሎ በል" አለችው እህቴ።

"ደረስኩ፣ ደረስኩ" አለ፣ ቀና ሳይል።

መንገዱ ጠጠርና አሸዋ ነበር። ድንጋይ በበዛበት ሁሉ አባቴ ፍጥነት ይቀንሳል። ለእሷ ብሎ ይሁን ለመኪናው እስከ ዛሬ አላውቅም። እህቴ በአንድ እጇ እኔን ይዛለች፣ በሌላው በሩን ትገፋለች። ምጡ በመጣ ቁጥር የብር አምባሯ ጫፍ ፕላስቲኩን ሲቧጥጠው ይሰማኛል። አባቴ በመስታወቱ አየን።

"አምባሩን አውልቂላት" አለኝ።

እጇ አብጦ ስለነበር አልወልቅ አለ።

ሐኪም ቤት ደርሰን ልጁ ሞቶ ተወለደ። እሷም የዐስር ሶላት ሳይሰገድ ተከተለችው። በማግስቱ ጠዋት ቀበርናት፤ እናቴ ከሐረር ስትደርስ ያገኘችው ድንኳኑን ነው። ሰው ሲቀንስ ጠብቃ እኔን ወደ ጓዳ ጠራችኝ። የት ተቀመጠች? ምን አለች? እኔን እናቷን ጠራችኝ? ይዣት ወጥቼ የመኪናውን የኋላ በር አሳየኋት፤ ሦስት አጫጭር ጭረትና አንድ ረጅም። በጣቷ እያንዳንዱን ዳሰሰች። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ አባቴ ወደ መቃብሩ ሲወስዳት እዚያው ቦታ ላይ ትቀመጣለች፤ እጇ ከበሩ አይነሣም። ከአጥሩ ውጭ ቆማ ፋቲሓ ቀርታ፣ እጇን መልሳ እዚያው ላይ አድርጋ ትመለሳለች።

ሁለት ወር ያህል አለፈ። አንድ ቀን አባቴ ደጃችን ላይ ተሳፋሪ ሲጭን አንድ ነጋዴ ጭረቱን አየና "አቦ፣ ይሄ ምንድነው? ያንተ መኪና እንዲህ ይሆናል እንዴ?" አለው።

"ፍየል ነው" አለ አባቴ። "ከመልካ ጀብዱ ፍየል ጭኜ።"

እኔ የቤታችን በር ላይ ቆሜ ነበር። ሰምቼዋለሁ።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ፊቴን ሳያይ "ያንን ነገር ቀነስ አድርጊው፣ ሰው ይጠይቀኛል" አለኝ። እርጥብ ጨርቅ በጭረቱ ላይ አድርጌ፣ ማንኪያ ከሰል ላይ አግዬ በጀርባው ተጫንኩት። ፕላስቲኩ እየለሰለሰ፣ ያ ሽታ መኪናውን እየሞላ፣ የተነሣው ጠርዝ ተመልሶ ተኛ። ከዚያ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በሳሙና ውሃ አሸሁት፤ በመጨረሻም ጥቁር የጫማ ቀለም ቀባሁት። ሦስቱ አጫጭሮች ጠፉ። ረጅሙን ስጀምር አባቴ መጣ። በሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ በአውራ ጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደበት።

"ይቺን ተያት" አለኝ። "ይቺ ትቅር።" ተነሥቶ ወደ መስጊድ ሄደ።

እውነቱን ልንገርህ፤ አልተውኳትም። ያ ሸራ ነበር ዐይኔ ላይ ያለው። የገዛ ልጁን ፍየል ያለ ሰው አሁን ምን ሊያስቀር ነው ብዬ ማንኪያውን ደጋግሜ አጋልኩት። ምንም እስከማይታይ ድረስ አሸሁ። እናቴን አላሰብኳትም። አንድ ጊዜ እንኳ አልመጣችልኝም።

ዓርብ እናቴ ገብታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። እጇ በሩ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ፈለገ።

"የታለ?" አለች።

አባቴ ዞረ። እኔ ቀደምኩት። "አባ ነው አጥፊው ያለኝ።"

አባቴ አየኝ። ረጅሟን ተያት ብዬሽ ነበር ብሎ እስኪያጋልጠኝ ጠበቅሁ። እሱ ግን ፊቱን ወደ መሪው መለሰና "ደንበኞቹ እየጠየቁ አስቸገሩኝ" አለ። እናቴ በሩን ከፍታ ወረደች።

ዳግመኛ በዚያ መኪና አልተሳፈረችም። ዓርብ ዓርብ በዚያ ሙቀት ጥላዋን ዘርግታ በእግሯ ትሄዳለች። አባቴ ከኋላዋ በእርምጃ ፍጥነት ይነዳል፤ አጠገቧ ሲደርስ "ግቢ እንጂ፣ ፀሐዩ" ይላታል። ጥላዋን በእሱ በኩል ዝቅ አድርጋ መንገዷን ትቀጥላለች። እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ።

አንድ ዓርብ መቻል አቃተኝና "አባ፣ እውነቱን እነግራታለሁ" አልኩት።

ሞተሩ ሞቆ ይንተከተካል።

"ተይ" አለኝ። "እኔን ብትጠላኝ ትችለዋለች። የቀረሻት ልጅ አንቺ ብቻ ነሽ።"

ሁለቱም አሁን የሉም። አልነገርኳትም።